ብርሃኑ የመረጠው ጥይት

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9 ቀን 2017፣ ጆሃንስበርግ

ብርሃኑ የሚስቴ ወንድም ባይሆን ኖሮ ዛሬ ጥርሱን አረግፍለት ነበር።

ከጆበርግ ወጣ ብሎ ያለው የወዳጃችን እርሻ በጉድጓድ ቆፋሪ ሽኮኮዎች ተበሳስቶ ወንፊት ሆኗል። እንድንተኩስባቸው ፈቅዶልናል። ጠመንጃው የጋራችን ነው። ፋብሪካ የማያመርተውን፣ የቀለሁን አንገት አጥብበን ራሳችን የምናበጀውን ትንሽ ጥይት ለመጠቀም ሁለታችንም ተስማምተናል። የተጣላነው ከቀለሁ ወጥቶ በሚበረው እርሳስ፣ በአረሩ ነው። ከጉድጓዶቹ ማዶ የሠራተኞች ቤት ስላለ፣ እኔ መሬት ሲነካ የሚበታተነውን ቀላሉን አልኩ። እሱ "ነፋስ አይገፋውም" ብሎ በከባዱ ድርቅ አለ። ዛሬ ሳይነግረኝ የራሱን አጉርሶ ተኮሰ።

ጥይቱ ድንጋይ መትቶ እያፏጨ ወደ ቤቶቹ ሄደ። ልብስ የምታሰጣ ሴት ጮኸች። ሮጬ ስደርስ አንሶላዋ ተበስቷል።

"ሃይቦ!" አለች በዙሉኛ፣ "ኧረ በሉ!" እንደማለት፤ ከዚያ "አውሬው እኔ ነኝ እንዴ?" አለችኝ በእንግሊዝኛ።

ይቅርታ ስለምናት ብርሃኑ ከኋላዬ ደረሰ። "አልነካት እኮ፣ አታካብድ" አለኝ በአማርኛ፣ ፊቷ ቆሞ እየሳቀ።

ጠመንጃውን ነጥቄ መኪናው ውስጥ ቆለፍኩበት።

"ግማሹ የኔ ነው" አለ።

"መጋዝ አምጣና ግማሽህን ውሰድ" አልኩት።

ቤት ስንገባ ሚስቴን ለብቻዋ ወሰዳት። ከዚያ መጥታ "ወንድሜን በሰው ፊት ለምን አዋረድከው?" አለችኝ። ስለ አንሶላው ነገርኳት።

"ብርሃኑ እንደዚያ አያደርግም" አለች።

አሁን እሱ ሳሎኔ ተቀምጦ እራቱን እየበላ ነው። ሳቁ እዚህ ድረስ ይሰማኛል።