የቼስትነት መንገዱ ቤት ደረጃና የክቡርነትዎ ውሳኔ

ለክቡር አቶ ፕሬስተን ላድላም
የከተማው የታሪካዊ ቤቶች ጥበቃ ኮሚሽን ሰብሳቢ
ሄከርስቪል፣ ኦሃዮ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ በተለይም ለጉልበቶችዎ ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። ጉልበትዎ እስከ ዕድሜዎ ፍጻሜ ድረስ ደረጃ የሚያወጣና የሚያወርድ ይሁንልዎ፤ ይህ ለወጉ ያህል የተባለ ምኞት እንዳልሆነ ወደ ታች ሲያነቡ ይገባዎታል። እኔና ባለቤቴ ዌንዴልም በእርስዎ ቸርነት እስካሁን በገዛ ቤታችን የፊት በር እየገባንና እየወጣን እንገኛለን።

ይህን ደብዳቤ በከተማችን ጋዜጣ ላይ ማውጣቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። ባለፈው ማክሰኞ ኮሚሽንዎ ስለ ቤታችን ሲሰበሰብ ለእኔ ለባለጉዳይዋ ሦስት ደቂቃ ተሰጥቶኝ ነበር። እኔም እናቴ እንዳሳደገችኝ በመጀመሪያ የኮሚሽኑን አባላት ጊዜያቸውን ስለሰጡን አመሰገንኩ፤ ቀጥዬ ብስኩቱን ጋግራ ያመጣችውን ሴት አመሰገንኩ፤ ከዚያም ዝናቡ ዘንድሮ ለበቆሎው መልካም እንደሆነ ተናገርኩ። «እንግዲህ ወደ ደረጃው ስንመጣ» ስል ደወሉ ተደወለ። እርስዎም ፈገግ ብለው፣ «እናመሰግናለን ወይዘሮ ሎይስ፣ ሰዓትዎ አልቋል። ቀጣይ!» አሉ። በዚህ ከተማ በጨዋነት ምክንያት ጉዳዩ የተበላሸበት ሰው እኔ የመጀመሪያዋ አይደለሁም። የቀረውን ዛሬ፣ ደወል በሌለበት፣ እንድጨርስ ይፍቀዱልኝ።

በስብሰባው ላልነበሩ አንባቢዎች ስል ውሳኔዎን ባጭሩ ላስታውስ። ዌንዴል ስትሮክ ከመታው በኋላ የቤተ ክርስቲያናችን ወንዶች አንድ ቅዳሜ ተሰብስበው ለዊልቸሩ የሠሩለት የእንጨት መወጣጫ፣ «የቤቱን ጥንታዊ የድንጋይ ደረጃ ስለሚሸፍን» እንግዶች ጥንታዊ ቤቶችን እየዞሩ ከሚያዩበት የሰኔው ጉብኝት በፊት እንዲነሣ፣ በሽተኛውም በኋላ በር እንዲጠቀም ተወስኗል። ስለዚህ ውሳኔ ያለኝን ምስጋና በተራ ቁጥር ማቅረብ ግዴታዬ ነው።

አንደኛ፣ ታሪካችንን ስላስተማሩን እናመሰግናለን። ለጉብኝቱ ባሳተሙት ወረቀት ላይ ቤታችን «ምንም ያልተበረዘ የኢጣሊያ ቪላ» ተብሏል። ያሠራው አሳሄል ክራምራይን ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ አሳማ እያረደና በጨው እየዘፈዘፈ በመሸጥ የከበረ ሰው ነበር፤ ኢጣሊያ ይቅርና ኒው ዮርክንም አላየም። አናጢዎቹ ከሥዕል መጽሐፍ እያዩ ዝቅ ያለውን ጣሪያ፣ ወደ ውጭ የወጣውን ሰፊ ክፈፍ፣ አናታቸው ቅስት የሆነውን ረጃጅም መስኮቶች፣ ከላይም ባለመስኮቷን ማማ ሠሩለት። ከክፈፉ ሥር የተደረደሩት የተጠረቡ ደጋፊዎች ምንም ነገር አይደግፉም፤ ለጌጥ ናቸው። የድንጋይ ነው ብለው በወረቀትዎ ያመሰገኑት ግድግዳም ጥድ ነው፤ ቀለሙ ሳይደርቅ አሸዋ ተነስንሶበት ነው ድንጋይ የመሰለው። ይህን የምለው ቤቴን ለማዋረድ አይደለም። ልጄን ያሳደግሁበት ቤት ነው፤ በነሐሴ ሙቀት የማማዋን መስኮቶች ስከፍታቸው ትኩሱ አየር ሽቅብ ወጥቶ ቤቱ ሁሉ እንዴት እፎይ እንደሚል አውቃለሁ፤ እወደዋለሁም። አስጎብኚዎችዎ ግን ማማዋን የክራምራይን ሚስት የባሏን ጀልባ ትጠብቅባት የነበረች ናት ይላሉ። ከዚያ ሆኖ የሚታየው የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ነው፤ ወንዙ ከኮረብታው ጀርባ ነው።

ሁለተኛ፣ የኋላውን በር ስለጠቆሙን እናመሰግናለን። እስከዛሬ መኖሩን የሚያስታውሱን የቆሻሻ በርሜሎቹ ብቻ ነበሩ። ዌንዴል፣ እንደሚያውቁት፣ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የዚህ ሰፈር ፖስተኛ ነበር። በረዶ እስከ ጉልበት ድረስ በሚውጥበት ጊዜ እንኳ የእርስዎን ደብዳቤዎች ከፊት በርዎ አድርሷል፤ አንድም ቀን ከኋላ ጥሎልዎ አልሄደም። ዛሬ አንደበቱ ተይዟል፤ የሚታዘዝለት የግራ እጁ ብቻ ነው። የፊት በረንዳው ላይ ሲቀመጥ ግን አሁንም ፖስተኛ ነው፤ ልዩነቱ ዛሬ ሰፈሩ ወደ እሱ መምጣቱ ነው። ጎረቤታችን ዳርሊን ውሻዋን እየጎተተች ስታልፍ፣ «ዌንዴል፣ አንተ ሰነፍ! ዛሬም ደብዳቤ የለኝም?» ትለዋለች። እጁን ያነሣላታል። «አይ እንግዲህ፣ አለቃህ ጋ ሄጄ ነው የምከስህ!» ብላው ትሄዳለች፤ እሱም ያን ቀን ሙሉ ፊቱ ፈክቶ ይውላል። ከኋላው በር የሚታየው የጎረቤት ጋራዥ ግድግዳ ነው፤ ግድግዳው እስካሁን ለማንም ሰላምታ ሲያቀርብ አልሰማንም። ሳላሽሞነሙን ልንገርዎ፣ ባሌን ከዚያ በረንዳ ያነሣሁት ቀን የቀረው ነገሩም አብሮ እንዳይከስም እፈራለሁ። ማክሰኞ ዕለት ልናገር የመጣሁት ይህን ነበር፤ ስለ በቆሎ ተናገርኩ።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ደረጃውን ይመለከታል፤ እዚህ ላይ በተለይ እንዲታገሡኝ እለምናለሁ። ወረቀትዎ «የክራምራይን የአሸዋ ድንጋይ ደረጃ» ብሎ ካሞገሰው በኋላ፣ ሦስተኛው እርከን ከሌሎቹ ከፍ ማለቱ «በመለኪያ ያልታሠረው የጥንት ጥበበኛ ነፃ እጅ ምስክር ነው» ይላል። ክቡር ሆይ፣ ነፃው እጅ የዌንዴል ነው። የክራምራይን ደረጃ የእንጨት ነበር፤ ቤቱን ስንገዛ በስብሶ እግር ይውጥ ነበር። ልጃችን ትምህርት ቤት በገባችበት ዓመት ዌንዴል የዓመት ፈቃዱን ወስዶ በሲሚንቶ ሠራው፤ ከቤቱ ጋር እንዲሄድም የወንዝ አሸዋ ቀላቀለበት። ሦስተኛውን እርከን እየለካ ሳለ እኔ ለምሳ ጠራሁት፤ በልቶ ሲመለስ ከየት እንደለካ ጠፋበት። ወንድሜ በመጀመሪያው እሑድ ተደናቅፎ ሊወድቅ ሲል፣ «ዌንዴል፣ ይሄ ደረጃ ነው ወጥመድ?» አለው። ዌንዴልም፣ «ለሌባ ብዬ ነው፣ አንተ ቀድመህ መጣህ» አለው። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ያልተደናቀፈ እንግዳ የለም፤ መደናቀፉ ለጥንት ጥበብ የተደረገ ስግደት መሆኑን ግን ከእርስዎ ወረቀት ተማርን።

እንግዲህ የሆነው ይህ ነው። ደረጃውን የሠራው ሰው ሊወጣው አይችልም፤ ኮሚሽንዎ ደግሞ ደረጃውን ከገዛ ሠሪው እየጠበቀው ነው። ተናድጃለሁ፣ አቶ ላድላም። በጨዋ ቋንቋ ብጽፍም በጣም ተናድጃለሁ።

ይሁን እንጂ እኛ ሕግ አክባሪዎች ነን። ከመቶ ዓመት ወዲህ በቤት ፊት የተጨመረ ሲሚንቶ ያለ ማንም ፈቃድ ሊፈርስ እንደሚችል የራስዎ ደንብ ይደነግጋል፤ ስለዚህ ድንጋጌም በተለይ እናመሰግናለን። በመሆኑም በጉብኝቱ ቅዳሜ ጠዋት፣ እነዚያው የቤተ ክርስቲያናችን ወንዶች መዶሻቸውን ይዘው መጥተው ደረጃውን ያፈርሱታል። ደረጃ ከሌለ መወጣጫው የሚሸፍነው ነገር አይኖርም፤ የውሳኔዎ ምክንያትም በክብር ያርፋል። እንደ ጥንቱ ረጃጅም ቀሚስ የሚለብሱት አስጎብኚዎችዎም በመወጣጫው ሳይደናቀፉ ይገባሉ፤ ከላይ ዌንዴል እጁን አንሥቶ ይቀበላቸዋል።

ይህን ከማድረጌ በፊት የሠራውን ሰው ማስፈቀድ ነበረብኝ። ከዊልቸሩ አጠገብ ተቀምጬ፣ «ዌንዴል፣ ደረጃህን ላስፈርሰው ነው» አልኩት። ከዚያ ወረቀትዎን አንሥቼ ስለ ጥንታዊው ጥበበኛ ነፃ እጅ ያለውን አነበብኩለት። ሳቀ። ከታመመ ወዲህ ሲስቅ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው፤ እኔ ግን አለቀስኩ። ስለዚያ ሳቅ ያለኝ ምስጋና ብቻ፣ ክቡር ሆይ፣ ፌዝ የለበትም።

ለቅርስ ያለዎት ፍቅር ለሰው እስኪተርፍ ድረስ እንዲበዛልዎ እየተመኘሁ፣ በጥድ ግድግዳዬ፣ ምንም በማይደግፉት ደጋፊዎቼና ወንዝ በማታሳየው ማማዬ ስም ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የክቡርነትዎ ታዛዥ፣ ደንብዎንም ከእርስዎ ይልቅ አጥብቃ የምታከብረው፣

ሎይስ ቫንደርሶል
ቼስትነት መንገድ፣ ከፊት በር

ማስታወሻ፦ በታችኛው እርከን ላይ ያለችውን ትንሽ የጫማ አሻራ አስጎብኚዎችዎ የክራምራይን ልጅ ከወታደር ጋር በጠፋች ጊዜ የተወቻት ናት እያሉ ያሳያሉ፤ አምና አንዲት ጎብኚ አልቅሳባታለች። አሻራዋ የእርስዎ ናት። ሁለተኛ ክፍል ሳሉ ያመለጠ ውሻዎን ሲያባርሩ ገና ያልደረቀውን ሊሾ ረገጡት። እናትዎ በማግስቱ የፖም ፓይ ጋግረው ይቅርታ ሊጠይቁ መጡ። እኔ ልደፍነው የግንበኛ ማንኪያ ሳነሣ ዌንዴል፣ «ተይው፤ ልጁ ሲያድግ መጥቶ ያየዋል» አለኝ። ሲጠብቅዎት ኖሯል። ቅዳሜ ያቺን ቁራጭ በጥንቃቄ ቆርጠን እናመጣልዎታለን፤ የፊት በርዎን መልክ እንዳናበላሽ ግን ከኋላ፣ ከበርሜሎቹ አጠገብ እናስቀምጥልዎታለን።