የሰውን ፎቶ ቀስ ብለው ያዩ የነበሩት የአቶ ሲራክ ግርማቸው የሕይወት ታሪክ

አቶ ሲራክ ግርማቸው ከአባታቸው ከአቶ ግርማቸው ደስታና ከእናታቸው ከወ/ሮ ማዘንጊያ በለጠ መስከረም 20 ቀን 1951 ዓ.ም. በድሬዳዋ ከተማ ከዚራ ሰፈር ተወለዱ። አባታቸው የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። አቶ ሲራክም በተወለዱበት ከተማ እስከ አሥረኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ አባታቸው በድንገት ስላረፉ ትምህርታቸውን አቋርጠው በአንድ ፎቶ ቤት ተቀጠሩ። ሥራቸው ፊልም ማጠብና ፎቶ ማተም ነበር።

በ1969 ዓ.ም. መጨረሻ የሶማሊያ ጦርነት ሲነሣ ወደ ግንባር የሚሄዱ ወጣቶች ፎቶ ቤቱ ደጃፍ ተሰልፈው ጉርድ ፎቶ ይነሡ ነበር። ጥቂት ወራት ቆይቶ እናቶቻቸው ያችኑ ጉርድ ፎቶ በመሐረብ ጠቅልለው ይመጣሉ፤ ለለቅሶው ጎልታ እንድትታተምላቸው ነው። አንዲት እናት የታተመውን ተቀብለው «ልጄን ይመስላል ወይ? እኔ ዓይኔ በእንባ አላይ ብሎኛል፣ አንተ ንገረኝ» አሏቸው። አቶ ሲራክም አጠገባቸው ተቀምጠው የልጁን መልክ ከግንባሩ እስከ አገጩ አንድ በአንድ ነገሯቸው። «ፎቶ ይዞ የመጣ ሰው ምን ተሸክሞ እንደመጣ አታውቅም፤ ከመናገርህ በፊት ቀስ ብለህ እይ» ማለት የጀመሩት ከዚያ ወዲህ እንደሆነ ለቤተሰባቸው ይናገሩ ነበር።

በ1981 ዓ.ም. ከወ/ሮ ቆንጂት ታዬ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ሔርሞንንና ናትናኤልን ወለዱ። እ.ኤ.አ. በ2003 ዲቪ ደርሷቸው ከነቤተሰባቸው ወደ ኦሃዮ ኮሎምበስ መጡ። ፎረስት ፓርክ ሰፈር ተቀምጠው ሂሊያርድ በሚገኝ የዕቃ መጋዘን (ዌርሃውስ) ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሠርተዋል።

ብዙዎቻችሁ ያወቃችኋቸው ግን በሌላ ነው። ታክሲ የሚነዳው ወንድማችን ኑረዲን እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ በገዛው ካሜራ ዳውንታውን ላይ ያነሣትን የምትጠልቅ ፀሐይ ይዞ «ጋሼ፣ እስቲ እዩልኝ» ብሎ ቤታቸው መጣ። አቶ ሲራክ ብዙ ቆይተው ካዩ በኋላ የት ቆሞ እንዳነሣት ጠየቁት። ኑረዲንም ኤርፖርት ሲመላለስ ውሎ፣ እግሩን ለማፍታታት ከመኪናው ወርዶ ሳለ እንዳያት ነገራቸው። «ታዲያ መኪናህ የት አለ? ድካምህስ? ፀሐይዋን ሁሉም ሰው ያነሣታል፤ አንተን ግን እዚህ ውስጥ አጣሁህ» አሉት። ኑረዲን በሳምንቱ ሌላ ፎቶ ይዞ ተመለሰ፤ ሌሎችንም አስከተለ። ቤቱ ስላልበቃ ቅዳሜ ቅዳሜ ክሊንተንቪል ባለ አንድ አዳራሽ መሰብሰብ ተጀመረ።

በዚያ ስብሰባ «ቆንጆ ነው» ብሎ ማለፍ ክልክል ነበር። «ያ ሰውን ማሰናበቻ እንጂ አስተያየት አይደለም» ይሉ ነበር። የሚያዩትን ፎቶ ጠርዝ በወረቀት እየሸፈኑ፣ እየገለጡ፣ ምኑ እንደሚነካቸውና ምኑ እንደሚያስቸግራቸው ይናገራሉ። የከበደ ነገር የተናገሩ እንደሆነ በማግስቱ ኮል አድርገው «አስቀየምኩህ እንዴ?» ይላሉ፤ ከተናገሩት ግን ቃል አይቀንሱም። አንድ ወንድማችን መንገድ ዳር የተኛ ቤት የሌለው ሰው አንሥቶ ቢያመጣ «ሲነቃ ልታሳየው ትችላለህ?» ብለው ጠየቁት። ተቆጥቶ ወጣ፤ አልተመለሰም። አቶ ሲራክ ቤቱ ድረስ ቢሄዱም በሩን አልከፈተላቸውም።

ይህ ጽሑፍ ሲዘጋጅ ባለቤታቸው ወ/ሮ ቆንጂት «ቅዱስ አታድርጉብኝ፣ ሰው ነበር» ስላሉን አንድ ነገር እንጨምራለን። አቶ ሲራክ ለውጭ ሰው የነበራቸው ትዕግሥት ቤታቸው ሲገቡ ያልቅባቸው ነበር። ከሥራ ደክመው ስለሚመጡ ዝም ይሉ ነበር። ልጃቸው ናትናኤልም ካሜራ ይወድ ነበር፤ እናቱ ለአባቱ እንዲያሳይ ሲነግሩት ግን «ኖት ናው፣ ማም» እያለ ያሳልፈው ነበር። አባትም አሳየኝ ብለው አልጠየቁትም፤ ራሱ እስኪያመጣ እየጠበቁ ነበር።

እ.ኤ.አ. በጥር 2019 ናትናኤል ወደ ሥራ ሲሄድ በረዶ በጋገረው ሀይዌይ ላይ መኪናው ተገልብጣ ሕይወቱ አለፈ። ገና ሃያ ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር። አቶ ሲራክ ከዚያ በኋላ ወደ አዳራሹ መሄድ ተዉ። ፎቶ ይዞ የመጣን ሰው ሁሉ በር ላይ ይመልሱ ነበር።

ዓመት ካለፈ በኋላ ሔርሞን የወንድሟን ካሜራ ከፍታ ያገኘቻቸውን ፎቶዎች አሳተመች። አባቷን እየለመነች ወደ አዳራሹ ወሰደቻቸውና አንዱን ፊታቸው አኖረችው። የናትናኤል የሥራ ባልደረቦች በምሳ ሰዓት መኪና ውስጥ ተቀምጠው ሲበሉ የሚያሳይ ነበር፤ ውጭው በረዶ ነው፣ መስኮቱም በእንፋሎት ደብዝዟል። ሁላችንም አንገታችንን ደፋን። እሳቸው ግን መነጽራቸውን አድርገው፣ እንደማንኛውም ሰው ፎቶ፣ ቀስ ብለው አዩት። «ከኋላ ያለው ብርሃን ሰዎቹን ውጦበታል» አሉ። «ትንሽ ወደ ግራ ቢል ኖሮ ፊታቸው ይወጣ ነበር። መስኮቱን ጥረጉልኝ አለማለቱ ግን ጥሩ ነው። ሲበሉ አላፈጠጠባቸውም፤ አክብሯቸዋል።» ቀጥለውም «ይህን መስማት የነበረበት እሱ ነው» አሉና ፎቶውን ደረታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። ልጃቸው በተቀበረበት ዕለት እንኳ እንዲያ ሲያለቅሱ አላየናቸውም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ስብሰባው ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በ2023 ስትሮክ መታቸውና ንግግራቸውን ወሰደው። ወዳጆቻቸው ፎቶ ይዘው መምጣታቸውን አላቋረጡም። በሚታዘዝላቸው በግራ እጃቸው ጣት ፎቶው ላይ ይጠቁሙ ነበር፤ ምን ማለታቸው እንደሆነ ሳይገባን ሲቀር ግን ይናደዱና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩ ነበር። ቀኑ እንዲህ ሲሆን ወ/ሮ ቆንጂት እንግዳውን በእርጋታ ይሸኙ ነበር።

አቶ ሲራክ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ሕመሙ ዳግመኛ ስለበረታባቸው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ67 ዓመታቸው ባለቤታቸውና ልጃቸው በተገኙበት ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸውን ወ/ሮ ቆንጂትን፣ ልጃቸውን ሔርሞንን፣ የልጅ ልጃቸውን ሊዮንን፣ እንዲሁም በድሬዳዋ የሚኖሩ እኅታቸውን ትተው ሄደዋል። ዛሬ ከናትናኤል አጠገብ ያርፋሉ።

ልጁን ያስቀደመ አባት ምን ተሸክሞ እንደኖረ የሚያውቅ አምላክ ያንን ሸክም ያውርድላቸው። ነፍሳቸውን በአብርሃም እቅፍ ያሳርፍልን፤ ወ/ሮ ቆንጂትንና ሔርሞንን ብቻቸውን አይተዋቸው። አሜን።