ያለ ኮሚቴው ፈቃድ ባሕር የገቡት እናቴ

ለተከበሩ አቶ ባስልዮስ፣
በቴክሳስ፣ በኧርቪንግ ከተማ የማኅበራችን የአረጋውያን ጉዞ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ አስጎብኚና የድምፅ ማጉያው ብቸኛ ባለሥልጣን፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ጉሮሮዎስ ተሻለው? ከኧርቪንግ እስከ ሂውስተን፣ ከሂውስተንም እስከ ጋልቨስተን ያለ ዕረፍት ሲያገለግለን የዋለ ጉሮሮ ነውና ከሁሉ አስቀድሜ ስለ እርሱ መጠየቅ ተገቢ መስሎ ታየኝ። እኛ በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነን፤ ጆሯችንም ቀስ በቀስ እየተመለሰ ነው።

ይህን ደብዳቤ በግልጽ የምጽፍልዎ፣ በእናቴ በወይዘሮ አባይነሽ ላይ የጣሉትን እገዳ በማኅበሩ የቴሌግራም ገጽ ሁሉም እንዲያየው ስለ ለጠፉት፣ መልሱም በዚያው አደባባይ ቢውል ክብርዎን ይመጥናል ብዬ ነው። ማስታወቂያዎ እናቴ «የኮሚቴውን መመሪያ በመጣስ ያለ ፈቃድ ባሕር ውስጥ ስለ ገቡ» እስከ ዓመቱ መጨረሻ ከማኅበሩ ጉዞዎች፣ እንዲሁም እሑድ እሑድ አረጋውያንን ቤተ ክርስቲያን ከሚያደርሰው ቫን መታገዳቸውን ይገልጻል። በጉዞው ላይ ያልነበሩ ወገኖች ፍርዱን ብቻ አንብበው እንዳይቀሩ፣ የሆነውን ከነምስጋናዬ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ «ታላቋን የባሕር ጠረፍ ከተማ እናስተዋውቃችሁ» ብለው ስለ ጠሩን እናመሰግናለን። ሂውስተን ስንገባ በቀኝ በኩል የሚታየውን ግዙፍ ሕንፃ የታወቀ ሙዚየም ነው ብለው ባስተዋወቁን ጊዜ እናቶች በአድናቆት አጨበጨቡ። አያቷን ይዛ የመጣችው ናኦሚ ግን እዚሁ የተወለደች ልጅ ናትና የሕንፃውን ጽሑፍ አንብባ፣ «ጋሼ፣ ሶሪ፣ ማለቴ… ፓርኪንግ ጋራዥ ነው የሚለው» አለች። እርስዎም ድምፅ ማጉያውን ከአፍዎ ሳያርቁ፣ «ድሮ ሙዚየም ነበር» ብለው መለሱላት። አንድ አስጎብኚ በአንድ ትንፋሽ ለአንድ ከተማ አዲስ ታሪክ ሲሰጥ ማየት ለሁላችንም የመጀመሪያችን ነበር።

ሁለተኛ፤ ከዚያ በኋላ አውቶቡሱን ከዋናው መንገድ አስወጥተው፣ በወጣትነትዎ የኖሩበትን አፓርታማ ስላሳዩን እናመሰግናለን። «እዚህ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው የመጀመሪያውን ሶፋ የገዛሁት» ሲሉን ሶፋው አሁንም እዚያው ያለ ይመስል ሁላችንም አንገታችንን አሰገግን። ዛሬ በዚያ ቤት የሚኖረው ሰውዬ ነጠላ የለበሱ እናቶች ከአውቶቡስ ወርደው መስኮቱን ፎቶ ሲያነሱ አይቶ፣ በፒጃማው በረንዳ ላይ ወጥቶ «ምን አጠፋሁ?» ብሎ መጠየቁን ያስታውሳሉ። እርስዎ ግን ይህን እንደ አቀባበል ቆጥረው እጅዎን አውለበለቡለት። ቀጥሎ የቀድሞ መሥሪያ ቤትዎን፣ ከዚያም መጀመሪያ የመንጃ ፈቃድ ፈተና የወደቁበትን መንገድ ጎበኘን። ከተማዋን እናውቃለን ብለን ሄደን እርስዎን አውቀን ስለ ተመለስን፣ ጉዞው ከንቱ አልነበረም።

ሦስተኛውን በአጭሩ ልጽፈው ብሞክርም አልሆነልኝም፤ ይታገሡኝ።

እናቴ ተወልደው ያደጉት አሰብ ነው። አባታቸው ወደቡ ላይ ጭነት ያወርዱ ነበር። እናቴ ገና በልጅነታቸው ከወንድሞቻቸው ጋር ከመርከቡ መቆሚያ እየዘለሉ ይዋኙ እንደ ነበር ደጋግመው አውርተውኛል። እኔ ግን አዲስ አበባ አድጌ ውሃ ማለት ተራ ጠብቀው ከቧንቧ የሚቀዱት ነገር ስለሆነብኝ፣ ወሬውን ሁሉም እናት ስለ ልጅነቷ እንደምታሳምረው ወሬ ቆጥሬው ኖሬያለሁ። ባለፈው ክረምት የዓይን ሐኪማቸው የግራ ዓይናቸው ብርሃን እንዳበቃ፣ የቀኙም እየጠበበ እንደሚሄድ ነገራቸው። ከቀጠሮው ስንመለስ መኪና ውስጥ ያሉኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ምሥራቅ፣ ሳይጨልም ባሕር አሳዪኝ።» እኔ ኤርፖርቱ አጠገብ ያለ ሆቴል ውስጥ የምሠራ ሰው ነኝና ቅዳሜና እሑድ ሺፍቱ አይለቀኝም። የእርስዎ ጥሪ ሲመጣ ሺፍቴን ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ተቀያይሬ፣ ከሁሉ ቀድመን ተመዘገብን።

እናቴ ሙሉውን ጉብኝት በመስኮቱ በኩል ሲመለከቱ ዋሉ። በየፌርማታው «ደረስን?» ብለው ይጠይቁኝ ነበር። ባሕሩ ዳር ጋልቨስተን ስንደርስ ፀሐይ አዘንብላ ነበር። እርስዎ የባሕሩን ግንብ ተደግፈው ያደረጉልን ንግግር እስካሁን ቃል በቃል ትዝ ይለኛል፦ «ባሕሩን በዓይናችሁ ብቻ ተዝናኑበት። ውሃው ለእናቶች ጉልበት አይስማማም፤ ኢንሹራንስም የለንም። አሁን ለግሩፕ ፎቶ ተሰለፉ፣ ከዚያ ወደ አውቶቡስ!»

የማኅበሩ ባነር በደንብ እንዲታይ ጀርባችንን ለባሕሩ ሰጥተን እንድንሰለፍ አዘዙን። ሁላችንም ዞርን። እናቴ አልዞሩም። ነጠላቸውን ለናኦሚ አቀበሉ፣ ጫማቸውን አውልቀው ጎን ለጎን አስቀመጡ፣ በድንጋዩ ደረጃ ወርደው ከነቀሚሳቸው ውሃው ውስጥ ገቡ። እኔ ያየኋቸው ውሃው ወገባቸው ከደረሰ በኋላ ነው። «እማዬ!» ብዬ ስጮህ ዞር እንኳ ሳይሉ ጠለቁ።

አቶ ባስልዮስ፣ እዚህ ላይ ልቀልድ አልችልም። መዋኘት አልችልም፤ ግን ከነጫማዬ ሮጬ ገባሁ። ማዕበሉ ደረቴን ሲመታኝ የማስበው ነገር አልነበረም። እርስዎ ከላይ ሆነው በድምፅ ማጉያው፣ «እማማ አባይነሽ፣ በኮሚቴው ስም እጠይቅዎታለሁ፣ ይውጡ!» ሲሉ እሰማለሁ። ማማው ላይ ወደ ተቀመጠው ነፍስ አድን ልጅ ሮጠው «ኦልድ ሌዲ! ሄልፕ!» ሲሉም ሰማሁ። ልጁ ከማማው ላይ ቆሞ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ወደ ውሃው ተመለከተና፣ «ሺ ኢዝ ፋይን፣ ሰር» ብሎ መልሶ ተቀመጠ።

እውነቱን ነበር። እናቴ ከማዕበሉ ወዲያ በጀርባቸው ተንሳፍፈው ሰማይ ያዩ ነበር። ደክሟቸው ሳይሆን ጠግበው፣ ረጋ ብለው እየቀዘፉ ወደ እኔ መጡ። ያን ፊት ከዚያ በፊት አላየሁትም፤ እኔ ከመወለዴ በፊት የነበረች ልጅ ፊት ነው። ክንዴን ይዘው፣ «ምን ያስለቅስሻል? ውሃው ሞቃት ነው እኮ» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «አሁን ቢጨልምም ግድ የለም፤ በሰውነቴ አውቀዋለሁ» አሉ። ከዚያ ወደ ግንቡ ቀና ብለው፣ «ባስልዮስ ልጄ፣ ጫማህን አውልቀህ ና!» ብለው ጠሩዎት።

እርስዎ ጫማዎን አላወለቁም። ከአረጋውያኑ አንዱ አቶ ወልደ ሥላሴ ግን በዚያ ዕድሜያቸው ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው ወረዱ። እናቶችም እጅ ለእጅ ተያይዘው ተከተሏቸው። አውቶቡሱ የተነሣው ሁሉም ቀሚሱን ጨምቆ ከጨረሰ በኋላ ነው። እርስዎ «ሁሉም በሥርዓት ተገኝቷል» ብለው በለጠፉት ፎቶ ላይም ከግራ ትከሻዎ በላይ ውሃው መካከል አንዲት ትንሽ ጥቁር ነጥብ ትታያለች፤ እናቴ ናቸው።

አራተኛ፤ ስለ እገዳው። ማስታወቂያዎን እናቴ ማንበብ ስለማይችሉ እኔ አነበብኩላቸው። «ባሕርን ማነው የሚያስፈቅደው?» ብለው ሳቁ። እሑድ ጠዋት ግን ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው መስኮቱ አጠገብ ተቀመጡ፤ ቫኑ በደጃችን ሳይቆም አለፈ። ያን ቀን እኔ ሥራ ነበርኩ። ማታ ስመለስ እዚያው ወንበር ላይ አገኘኋቸው። ስለ ጉዞዎቹ እገዳ አመሰግንዎታለሁ፤ ቀጣዩን የማኪኒ ከተማ የገበያ አዳራሽ ጉብኝት በድምፅ ማጉያ ከመከታተል ታድገዋቸዋል። የቤተ ክርስቲያኑን መንገድ መዝጋት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ለእርሱ ምስጋና ፈልጌ አላገኘሁም።

እርስዎ ባይመልሱትም ነገሩ መፍትሔ አግኝቷል። በቀጣዩ እሑድ አቶ ወልደ ሥላሴ ቫኑ በራችን ላይ ካልቆመ «እኔም እወርዳለሁ» ብለው ተሻገር የሚባለውን ሾፌር አስቁመውታል፤ ሌሎቹም ተነሥተው ቆሙ። ተሻገርም፣ «ኦኬ ኦኬ፣ እኔ የምነዳው ሰው እንጂ ማስታወቂያ አይደለም» ብሎ መኪናውን አዞረ። የማኪኒው ጉብኝት ደግሞ ማንም ስላልተመዘገበ፣ ጥርት ባለ ሰማይ ሥር «በአየር ሁኔታ ምክንያት» መሰረዙን አንብበናል። በአሁኑ ሰዓት እናቶች ቅዳሜ ጠዋት እዚሁ ኧርቪንግ ወዳለው የመዋኛ ገንዳ እየሄዱ ነው። አስተማሪያቸው እናቴ ናቸው፤ ተማሪዎቹን የሚያውቋቸው በድምፃቸውና ውሃ በሚመቱበት አኳኋን ነው።

ስለዚህ እገዳውን በለጠፉበት ገጽ ላይ እንዲያነሡት፣ ካነሡትም በኋላ ቤታችን መጥተው ለእናቴ በቃልዎ እንዲነግሯቸው በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። በመስከረም እናቶች በራሳቸው ወደ ባሕሩ ይመለሳሉ። ለእርስዎም እንደ ማንኛውም ተሳፋሪ ከኋላ ወንበር ይያዝልዎታል።

ረጅም ዕድሜ፣ ብርቱ ጉሮሮና አንድ ቀን እርጥብ እግር እየተመኘሁ፣
የወይዘሮ አባይነሽ ልጅ፣ ምሥራቅ፤ ከኧርቪንግ

ማስታወሻ፦ ከገንዳው ተማሪዎች አንዷ ስማቸውን እንዳልጠቅስ ለምነውኛልና አልጠቅስም። ሆኖም ባለቤትዎ ወይዘሮ ዊንታ ቅዳሜ ቅዳሜ ፕሌኖ ከተማ እህቴ ዘንድ እሄዳለሁ ብለው ወጥተው ፀጉራቸው እርጥብ ሆኖ የሚመለሱት ለምን እንደሆነ ከጠየቋቸው፣ ባለፈው ሳምንት ማንም ሳይደግፋቸው በጀርባቸው መንሳፈፋቸውን አብረው ቢያደንቁላቸው መልካም ነው። ውሃው ላይ እንዳሉ፣ «ውይ፣ እንዴት ያለ ጸጥታ!» ብለዋል።