አባዬን ፎቶ ማንሳት

ጥቅምት 4
ዝናብ። የከተማችን የሳዴክ ገበያ ውሃ ገብቶበታል፤ ፎቶ ቤቱ ባዶ ዋለ። ፎቶ ማንሳት የሚያስተምሩኝ ጋሽ ኪየም ዛሬም እንስራውን መስኮቱ ሥር አስቀምጠው «አንሺው» አሉኝ። ጠዋት እንስራ፣ ማታ እንስራ... «ሰው መቼ ነው የማነሳው?» ስላቸው፣ «እንስራው ክብ መሆኑ ሲታይ» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ የኔ እንስራ ሰፌድ ነው የሚመስለው።

ጥቅምት 11
ሐኪሙ እማዬንና እኔን ለብቻ ጠርቶ ነገረን። የአባዬ ሳንባ ነው። ሦስት ወር ለቀረው ለአዲስ ዓመታችን ለቴት መድረሱን እንጃ...
አባዬ ማንም ሳይነግረው ገብቶታል። ታንኳው ላይ ሆኖ ከውሃው በላይ በቆጥ የሚያበቅላቸውን አበቦች እያጠጣ፣ «ሉዋ፣ ፊቴ ሳይከሳ የመደርደሪያዬን ፎቶ አንሺኝ» አለኝ። ሲሞት ቤታችን መደርደሪያ ላይ ከአያቶቼ ፎቶ ጎን የሚቀመጠውን፣ ዕጣን የሚጨስለትን። ጋሽ ኪየም ያንሱህ ስለው፣ «ልጄ ባለካሜራ ሆና ሌላ ሰው ያንሳኝ?»
እማዬ ሰምታ ጮኸች። «ሞትን በስሙ ትጠራዋለህ? አርፈህ ተቀመጥ!»
እኔ እኮ እንስራ እንኳ አልቻልኩም።

ጥቅምት 19
አነሳሁት። በቀትር፣ ደጅ ላይ፣ ብርሃን ይበዛል ብዬ። ከቅንድቡ ሥር ሁለት ጥቁር ጉድጓድ! አባዬ አይቶ ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነ። «ዓይኔን የት አደረግሽው? ዕጣን ሲያጨሱልኝ በምን ልያቸው?»
ጋሽ ኪየም እንደ ሁሉም ሰው በኮምፒዩተር ኮትና ክራባት እናልብሰው አሉ። አባዬ፣ «ኮት ለብሼ ብሄድ አባቴ ማን ነህ ይለኛል» አለ። ኮቱ ይቅር፣ ዓይኑን ማን ይመልሰዋል? አፈርኩ።

ጥቅምት 30
እንስራ። ማጉረምረም ትቻለሁ። ብርሃኑ ከጎን ሲገባ ጥላው ሆዱን ቀስ ብሎ እንደሚዞር ዛሬ አየሁ። እስከ ዛሬ ምን እያየሁ ነበር?
ጋሽ ኪየም ፎቶውን ይዘው ቆዩ። «ይሄ ውሃ ይይዛል» አሉ።

ኅዳር 6
አባዬ ከሳ። ዘግይቼ ይሆን? ፈራሁ።

ኅዳር 8
ዝናቡ ሲያባራ ከበሩ አጠገብ አስቀመጥኩት፤ ብርሃኑ ከአንድ ጎኑ ገባ። ሌላው ጎኑ እንዳይጨልም እማዬን ነጭ አንሶላ አስያዝኳት። እያልጎመጎመች ያዘች። አባዬ ግትር ብሎ ተቀመጠ። አልቸኮልኩም። ስለ አበቦቹ ጠየቅኩት። «ቢጫዎቹ ላይ ውሃ አታብዙ» እያለ ቀና ብሎ አየኝ... እኔን፣ ካሜራውን አይደለም። ያኔ አነሳሁት።
ሲያየው አልሳቀም። «ይኸው እኔ» አለ።

ታኅሣሥ 21
ትናንት ቀበርነው። መጻፍ አልችልም።

ጥር 20
የቴት ዋዜማ። እማዬ ከቀብሩ ወዲህ መደርደሪያውን አንገቷን ደፍታ ነው የምታልፈው። ዛሬ የአሳማ ሥጋ ወጥ በእንቁላል አቀረበችለት። ከውጭ ስገባ ድምጿን ሰማሁ። ቀና ብላ ፎቶውን እያየች ትቆጣለች።
«ምን ታፈጥብኛለህ? ጨው አልበዛም፣ ቀምሼዋለሁ! ደግሞ አኩርፍ አሉህ...»
ከዚያ እዚያው ቆማ አለቀሰች። እኔም በሩ ላይ አለቀስኩ። አልገባሁባቸውም።