ጀርባዬ አይቀላም

ሐሙስ፣ ኅዳር 4 ቀን 2018

ዛሬ ዝም አላልኩም።

እጄን የሚያቆስለው ምን እንደሆነ ለማወቅ እሁድ ጀርባዬ ላይ የአለርጂ ፕላስተር ለጥፈውልኝ፣ ማክሰኞ አንስተውት ነበር። የመጨረሻው ውጤት የሚታየው ዛሬ ነው። እስከዛሬ ጀርባዬን ውሃ ሳላስነካ፣ በደረቴ እየተኛሁ ጠበቅሁ። ሐኪሙ ገና ልጅ ነው። ከኋላዬ ቆሞ ትንሽ አየና «ቀይ የሆነ ነገር የለም፤ ልበሺ» አለኝ።

ቀይ! የእኔ ጥቁር ጀርባ መች ቀልቶ ያውቃል?

ሸሚዜን አላነሳሁም። «በዓይንህ አይደለም፣ በጣትህ ዳብሰው» አልኩት። ትናንት ልጄ ዳብሳ «እማዬ፣ እዚህ ጋ አብጧል» ብላኛለች። በረጅሙ ሲተነፍስ ሰማሁት። እኔም ከተቀመጥኩበት ንቅንቅ አላልኩም። በመጨረሻ ጣቱን አሳረፈ። ደግሞ ዳበሰ። ጀርባዬ ላይ ከየፕላስተሩ ቦታ ጎን የተጻፈውን ቁጥር ከወረቀቱ ጋር አመሳከረና «የጎማ ጓንት ውስጥ ያለ ኬሚካል ነው» አለ።

ጓንት! አለቃችን፣ የፋብሪካው መናሄል፣ እጄ በተሰነጠቀ ቁጥር «ጓንትሽን እያወለቅሽ ነው፤ ጥፋቱ የራስሽ ነው» ሲለኝ ዓመት አለፈው። እኔ ሞኟ ደግሞ አምኜው፣ ቤቴም ዕቃ ሳጥብ ያንኑ ጓንት አጠልቅ ነበር።

ሐኪሙ ይቅርታ አላለኝም። ግን ከመልበሴ በፊት የቀሩትን ቦታዎች ሁሉ፣ ሳልጠይቀው፣ አንድ በአንድ ዳበሰ። ውጤቱንም በወረቀት ጽፎ ሰጠኝ።

እሁድ ጠዋት፣ የሥራ ሳምንቱ ሲጀመር፣ ወረቀቱን የመናሄሉ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጥለታለሁ። ያለ ጓንት፣ በባዶ እጄ።