የሰልፉ ጫፍ

ውድ እህቴ፣

ስልክ በደወልኩ ቁጥር «ደህና ነኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ» ብለሽ ስለምትዘጊው መጻፍ ይሻላል ብዬ ነው። ብትቀዳድጂው እንኳ መጀመሪያ ሁለት መስመር ማንበብሽ አይቀርም። አውቅሻለሁ፣ ከልጅነትሽ ጀምሮ ነገር ሳታዪ አታልፊም።

ትናንት የትምህርት ቤቱ ልጆች የዘፈን ዝግጅት ነበር። እሱን እነግርሻለሁ፤ መጀመሪያ ግን የሄድሽ ሰሞን የሆነውን ስሚ። አሥራ ሰባቱንም አሰልፌ ከፊታቸው ቆምኩና «ቀኝ እጅ ወደ ላይ!» ብዬ የራሴን ቀኝ አነሳሁ። ግማሹ የሰማውን አምኖ ቀኙን፣ ግማሹ እኔን አይቶ ግራውን አነሳ። ጉድ ፈላ! ክንድ ከክንድ ተጋጨ፣ ዓይን የጠፋ ልጅ አለመኖሩ ተአምር ነው። ለካ አንቺ ፊት ለፊታቸው ቆመሽ ስታሠሪያቸው፣ አፍሽ «ቀኝ» እያለ ግራሽን ነበር የምታነሺው፣ እንደ መስታወት። አራት ዓመት ሙሉ አጠገብሽ ኦርጋን ስጫወት ይቺን አላየሁም።

ሞከርኩ እኮ። እጄን ስጠብቅ ዜማው ይጠፋኛል፤ ዜማውን ስይዝ እጄ ይጠፋኛል። ሲያቅተኝ ጀርባዬን ሰጥቻቸው ማሠራት ጀመርኩ። ቀኜ ቀኛቸው ሆነ፣ ተመስገን፤ ግን ፊታቸውን አላይም፣ እነሱም የኔን አያዩም። አንድ ቀን እንዲህ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ስዘፍን የአዳራሹ ዘበኛ ብቅ አሉና «ምነው ልጄ፣ ተጣላችሁ እንዴ?» አሉኝ። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። እኔም ሳቅኩ።

ቤቱንማ አትጠይቂኝ። ዕቃ ሳጥብ ያቺን የጥንት መዝሙራችንን እጀምርና ሁለተኛው ድምፅ የሚገባበት ላይ ስደርስ ዝም እላለሁ። አንቺ የምትገቢበት ነዋ። ውሃው ብቻ ይፈሳል። ከዚያ ካቆምኩበት እቀጥላለሁ፣ ሞኝ።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። አምና በመዝጊያው ቀን፣ መምህራን ክፍል ውስጥ፣ አንዷ «እናንተ ሥራውን እንዴት ነው የምትካፈሉት?» ስትለን «እኔ አስተምራለሁ፣ እሷ ታስጨፍራለች» አልኩ። ሰው ሁሉ ሳቀ። አንቺም ሳቅሽ፤ ግን ቦርሳሽን ይዘሽ ቀድመሽኝ ወጣሽ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። እኔን ግን አላመለጠኝም፣ አስቤበት ነው ያልኩት። ልጆቹ ጠዋት በር ላይ ሲያዩን እኔን «ቲቸር ደህና አደርሽ» ብለው አልፈው «እትዬ!» እያሉ አንቺ ላይ ነበር የሚጠመጠሙት። ቀናሁ። በገዛ ታናሽ እህቴ ቀናሁ። ደግሞ በመጨረሻው ስንኝ ከፊታቸው ተነስተሽ ሰልፉ ጫፍ ላይ ሄደሽ ስትቆሚ፣ «አቤት ታይታ ስትወድ!» እል ነበር በሆዴ።

በወሩ ሌላ ከተማ ሥራ አገኘሁ አልሽኝ። «አትሂጂ» የሚለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን «ይቅናሽ፣ ያላንቺም አናንስም» አልኩሽ።

ባለፈው ሳምንት ልምምድ ላይ የመጨረሻው ስንኝ ደረሰ። ሁሉም ቀኝ እጁን በቀኙ በኩል በቆመው ልጅ ትከሻ ላይ የሚያሳርፍበት፣ ታውቂዋለሽ። ዞር ብዬ ሳይ ጥጉ ላይ የምትቆመው ሚጢጢ እጇን አየር ላይ ዘርግታለች።

«አውርጂው እንጂ፣ እዚያ ማንም የለም» አልኳት።

«እትዬ እኮ ናት እዚህ የምትቆመው» አለችኝ። «እኔ ብቻ የምይዘው እንዳላጣ።»

ምላሴን በቆረጠው! አሥራ ስድስቱ የሚይዙት ትከሻ አላቸው፤ አንዷ ስለሌላት ነበር ለካ የምትሄጂው።

በማግስቱ መምህራን ክፍል ገብቼ ሁሉም ባሉበት «አምና ስለ እህቴ ያልኩት ልክ አልነበረም፤ እሷም ስታስተምር ነው የኖረችው» አልኩ። ተያዩ። «ምን ብለሽ ነበር?» አለችኝ ያቺው የጠየቀችን። አንዳቸውም አያስታውሱትም። እኔና አንቺ ብቻ ነን ይዘነው የቀረነው።

ትናንት አዳራሹ ሙሉ ነበር። ለልጆቹ መነሻውን ድምፅ ሰጠኋቸውና ፊታቸውን ለቅቄ ሄጄ ከሚጢጢ ቀጥሎ ቆምኩ። እዚያ ቀኜ ቀኛቸው ነው። ከፊት ማንም አልነበረም። ይበታተናሉ ብዬ ስፈራ፣ እንዴት አድርገው ዘፈኑት መሰለሽ! ያስተማርሻቸው አንድም አልጠፋቸውም። የመጨረሻው ስንኝ ሲደርስ ዝቅ አልኩላትና የሚጢጢ እጅ ትከሻዬ ላይ አረፈች፣ ትንሽ፣ ላብ ያላት። ከሄድሽ ወዲህ ሰው ሲነካኝ የመጀመሪያዬ ነው።

እኔም ግን ቀኝ እጅ አለኝ። ከኔ ቀጥሎ ያለው መጋረጃው ብቻ ነው። ላወርደው አልኩና እምቢ አለኝ። ዘፈኑ እስኪያልቅ አየር ላይ ዘርግቼው ቆምኩ። ሕዝቡ እንዲህ የተለማመድነው መስሎት አጨበጨበ። ሚጢጢ ግን ቀና ብላ አየችኝ።

«ቲቸር፣ አንቺስ ማንን ነው?»

«እትዬን» አልኳት።

ይቅር በዪኝ፣ እህቴ። ሥራሽን ጥለሽ ነይ አልልሽም። ልምምዱ እንደ ድሮው ማክሰኞና ሐሙስ ነው። አንድ ቀን ብቻ መጥተሽ ከቀኜ ቁሚልኝ። እሱም ካልሆነ ሁለት መስመር ጻፊልኝ፣ ስድብም ቢሆን እቀበላለሁ።

እጇን ያላወረደችው እህትሽ