በስኬልዌይት ታሪክ ውስጥ ያልተጻፈው ካርድ

ለውድ ወንድሜ ለዊልፍ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከረምክ? ወገብህስ እንዴት ነው? የፐርዝ ሙቀት ለቀቅ አደረጋችሁ? ቤረልና መንትዮቹስ ደኅና ናቸው? እኛ ከእማማ ጉልበት ሕመም በቀር ደኅና ነን። ሆዴ ግን አርሯል፤ የምጽፍልህም ለዚሁ ነው።

የስኬልዌይት ግንባታ ድርጅት ሰባ አምስተኛ ዓመቱን ሊያከብር ታሪኩን በመጽሐፍ እያስጻፈ ነው። በታይፕ የምመታው እኔ ነበርኩ። መሥራቹ በአንድ የእጅ ጋሪ እንደ ጀመረ፣ ከጦርነቱ በኋላ ግማሽ ከተማ እንደ ሠራ፣ ግድብና ሆስፒታል እንዳቆመ ይተርካል። ስድስተኛው ምዕራፍ «ሠራተኞቻችን ቤተሰቦቻችን ናቸው» ይላል። ለዚያ ምዕራፍ ፎቶ ፈልጊ ተብዬ ምድር ቤት ስወርድ አንድ ሣጥን ሙሉ ካርድ አገኘሁ። በፊደል ተራ የተደረደረ የሰው ስም ነው። ያንተም አለበት።

«ግንበኛው ዴርሞት ከሕንፃ መወጣጫው ወድቆ ከሞተ ወዲህ፣ መከለያ ይሠራ እያለ ሰው ያሳድማል። የትም እንዳይቀጠር ለሌሎች ተቋራጮች ይነገር። ጠቋሚ፦ ፎርማን ሲሪል።» አጎታችን ሲሪል! አውስትራሊያ ከመሰደድህ በፊት ያን ሁለት ዓመት ሥራ ፍለጋ በየበሩ ስትንከራተት፣ አባባም «ሥራ ጠል» እያለ ሲሰድብህ፣ ሲሪል እሑድ እሑድ ከገበታችን ሥጋ እየቆረጠ «ይበርታ እንጂ» ይል ነበር።

ለአለቃዬ ለሚስተር ላምሊ ባሳየው፣ «ሂልዳ፣ የድሮ ወረቀት ነው፤ መልሺውና ምዕራፉን ጨርሺልኝ» አለኝ። ይህን እጄ አይመታም ብዬው ካርዱን እንደ ያዝኩ ኮቴን ለብሼ ወጣሁ። ሥራው በዚያው ቀረ።

እሑድ ሲሪል እንደ ልማዱ ሲመጣ ካርዱን ከሳህኑ አጠገብ አኖርኩለት። አነበበና፣ «እኔ ባልናገር ሌላው መናገሩ አይቀርም ነበር። ደግሞስ ለአውስትራሊያ አበቃሁት እኮ!» ብሎ ሹካውን አነሣ። አፍሮ እንኳ አላቀረቀረም። እማማ ሳህኑን ከፊቱ ነጥቃ ምግቡን ቆሻሻ ውስጥ ገለበጠችው። «ካሁን ወዲያ እኅት የለህም፤ ውጣልኝ» አለችው። የጠጣበትን ኩባያ ማጠብ ስለ ቀፈፈኝ ጣልኩት።

በማግስቱ እማማ በዚያ ጉልበቷ ዳገቱን ወጥታ አባባ መቃብር ሄደች። ደግፌያት ነበር። መነጽሯን አድርጋ ካርዱን ከላይ እስከ ታች ጮክ ብላ አነበበችለት። ከዚያ «ልጄ ሥራ ጠል አልነበረም፤ ሰማህ?» አለችው።

ካርዱን ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ፤ ቅደደው ወይም አስቀምጠው፣ አንተ ታውቃለህ። ቤረልን እቀፍልኝ፤ ኮሊንና ጃኔትን ጉንጫቸውን ሳምልኝ። እማማ ናፍቆቷን ልካለች። «አባትህ ያን ሁሉ ሲናገርህ እኔ ዝም ብያለሁና ይቅር በለኝ» ትልሃለች።

እኅትህ ሂልዳ
ሃሊፋክስ፣ ዮርክሻየር፣ መጋቢት 1978